ሦስት ኮሜዲ በአንድ ቀን፦ ከረፋድ እስከ ማታ ትያትር ቤት መዋል

በእንግሊዝ አገር አልፎ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ፣ አንድ ትያትር ቤት ሦስት ኮሜዲ በተከታታይ የሚያሳይበት ቀን አለ። አንዱ ረፋድ ላይ፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ ማታ ይታያል። በሦስቱም የሚጫወቱት ያው ስድስት ተዋንያን ናቸው። ቤቱም አንድ ነው፤ ታሪኩም ከቅዳሜ አመሻሽ እስከ ሰኞ ጠዋት ባለው በዚያው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የሚለወጠው ክፍሉ ነው። ረፋድ ላይ ቤተሰቡን መመገቢያ ክፍል ውስጥ ያገኙታል፤ ከሰዓት በኋላ ሳሎን፣ ማታ ደግሞ ጓሮ። ረፋድ ላይ ተቆጥቶ ከማዕድ የተነሳው ሰው ወዴት ሄዶ ምን እንዳደረገ ከሰዓት በኋላ ይደርሱበታል።

ሥራው የእንግሊዛዊው ፀሐፌ ተውኔት የአለን ኤክቦርን «ዘ ኖርማን ኮንኩዌስትስ» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሰሜን ባሕር ዳር በምትገኘው በስካርብራ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በጋ ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱ ተውኔቶች «ቴብል ማነርስ»፣ «ሊቪንግ ቱጌዘር» እና «ራውንድ ኤንድ ራውንድ ዘ ጋርደን» ይባላሉ። ለአነጋገር እንዲቀል እዚህ ላይ የመመገቢያ ክፍሉ፣ የሳሎኑና የጓሮው እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ስካርብራ ሰው ለእረፍት የሚሄድባት ከተማ ናት። ለጥቂት ቀን ባሕር ሊያይ የመጣ ቤተሰብ ሦስት ማታ ሙሉ ትያትር ይገባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ኤክቦርን እያንዳንዱ ተውኔት ለብቻው ቢታይ ሙሉ እንዲሆን፣ የትኛውም ቢቀድም ታሪኩ እንዳይፈርስ አድርጎ ጻፋቸው። በሦስት የተለያዩ ሳምንታት ማየት ይቻላል፤ አንዱን ብቻ አይቶ መቅረትም ይቻላል። እኔ ግን በአንድ ቀን ይዩአቸው እላለሁ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ተውኔት ሳቅ ትልቁ ክፍል ከመጀመሪያው የሚመጣ ነው፤ ትዝታው ገና ትኩስ ሳለ ብቻ ነው ሙሉ የሚሆነው። ማታ ላይ አንድ ሰው ጓሮ ገብቶ ተራ ሰላምታ ሲሰጥ አዳራሹ በሳቅ የሚናወጠው፣ ያ ሰው ከየትኛው ክፍል ምን ጥሎ እንደመጣ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በሳምንት ልዩነት ያየ ሰው ያንን ሳቅ ግማሹን ይረሳዋል። የቀኑ ዝግጅት በሙሉ፣ ከትኬቱ እስከ ምሳው፣ ይህን ትዝታ ለመጠበቅ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ቤተሰቡን ይተዋወቁ

ታሪኩን አስቀድመው እንዲያነቡ አልመክርም። ሰዎቹን ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ በተለይ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች፣ የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃዎች ማን የማን ምን እንደሆነ በመፈለግ እንዳናባክናቸው።

አኒ ያላገባች ሴት ናት። በወላጆቿ አሮጌ ቤት ትኖራለች፤ ፎቅ ላይ የተኙትን ታማሚ እናቷንም ታስታምማለች። እናትየው በሦስቱም ተውኔቶች አንድ ጊዜም አይታዩም፤ ግን ቤቱ ሁሉ በእሳቸው ዙሪያ ይዞራል። ሬጅ የአኒ ወንድም ነው፤ ቤት አሻሻጭ ነው፤ በትርፍ ጊዜው የገበታ ጨዋታ ይፈለስፋል፤ የሚጫወትለት ሰው ግን አያገኝም። ሚስቱ ሳራ ሥርዓት ወዳድ ናት፤ ሁሉ ነገር በወጉ እንዲሆን ስትጣጣር ትናጋለች። ሩት እህታቸው ናት። ሥራዋን አክባሪ፣ ዓይኗ ቅርብ ብቻ የሚያይ፣ መነጽር ግን አላደርግም ያለች። ኖርማን የሩት ባል ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ረዳት ሠራተኛ ነው፤ ሴት ሁሉ በእሱ እንዲደሰት ይፈልጋል። ስድስተኛው ቶም፣ የጎረቤት የእንስሳት ሐኪም፣ አኒን ይወዳታል፤ ለመናገር ግን ዘመን የሚፈጅ ዓይነት ሰው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሬጅና ሳራ አኒ ለሁለት ቀን እረፍት እንድትወጣ እናትየውን ሊጠብቁ ይመጣሉ። አኒ ግን በምሥጢር የምትሄደው ከእህቷ ባል ከኖርማን ጋር ነው። ከዚህ በላይ አልነግርዎትም።

አንድ ነገር ግን ቀድመው ይወቁ፤ አለዚያ ሰው ሲስቅ እርስዎ ጎረቤትዎን ዞር ብለው ማየትዎ አይቀርም። በ1066 የኖርማን ጦር እንግሊዝን የያዘው በሄስቲንግስ በተደረገ ጦርነት ነው፤ የተውኔቶቹ የጋራ ርዕስ የሚያስታውሰው ያንን ድል ነው። ኖርማንም አኒን ሊወስዳት ያሰበው ወደ ሄስቲንግስ ነበር፤ ባሕር ዳር ናት። ቦታ ሲያጣ ወደ ኢስት ግሪንስቴድ ዞረ። ኢስት ግሪንስቴድ ከለንደን በስተደቡብ ያለች ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ፍቅረኛውን ይዞ ልሰወር የሚል ሰው ወደዚያ አይሄድም። ስሟ በተጠራ ቁጥር እንግሊዞቹ ይስቃሉ።

ጊዜ ካለዎት በዚያ ሳምንት የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ወይም «ያላቻ ጋብቻ» ያንብቡ። መንግሥቱ ለንደን የተማረ ሰው ነው፤ የጋብቻን ጉዳይ ኮሜዲ ሲያደርገው ገጸ ባሕርያቱ እያላገጡ አይደለም፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው። ኤክቦርንም እንደዚያው ነው። ይህን ይዘው ከገቡ የእንግሊዞቹ ቤት ባዕድ አይሆንብዎትም።

ቀኑን ማግኘትና ትኬት መግዛት

ይህ ሥራ ሁልጊዜ የሚታይ አይደለም። ሦስት ተውኔት ማጥናት ለተዋንያኑም ለትያትር ቤቱም ከባድ ስለሆነ ዓመታት ሳይታይ ይቆያል፤ አንድ ቤት ሲያነሳው ግን ቀድሞ ያስታውቃል። በ1974 ከለንደኑ ግሪኒች ትያትር ወደ ዌስት ኤንድ ተሻገረ፤ በዚያ ዝግጅት ኖርማን ቶም ኮርትኒ ነበር፤ በኋላ በሃሪ ፖተር ፊልሞች ዳምብልዶርን ሆኖ ያወቅነው ማይክል ጋምቦን ደግሞ ቶምን ተጫወተ። በ2008 በለንደን ኦልድ ቪክ ማቲው ዋርከስ አዘጋጀው፤ በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ሄዶ ብሮድዌይ ላይ በድጋሚ ከቀረቡ ተውኔቶች ምርጥ ተብሎ የቶኒ ሽልማት አገኘ። በ2017 የቺቸስተር ትያትር ቤት አነሳው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቦታ ይከታተሉ፤ የለንደን ትልልቅ ቤቶችንና ሥራው የተወለደበትን የስካርብራውን ስቲቨን ጆሴፍ ትያትር።

ትኬት ሲገዙ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይግዙ። ሦስቱም በአንድ ቀን የሚታዩባቸው ቅዳሜዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ለገዛ ሰው የዋጋ ቅናሽ አለ፤ በጽሑፍ ካልተገለጸም ቢሮውን ደውለው ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን ንግግሩ በስክሪን ላይ በጽሑፍ የሚወጣበት ቀን መኖሩን ይጠይቁ። የብሪታንያ ትያትር ቤቶች መስማት ለሚቸግራቸው ተመልካቾች ብለው የሚያዘጋጁት ነው፤ የእንግሊዞቹ ፈጣን አነጋገር ለሚያመልጠን ሰዎችም ትልቅ እፎይታ ነው።

ሰዓቱን በጥንቃቄ ያንብቡ። ትኬቱ ላይ 11:00 የሚለው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ 15:30 ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ 19:30 ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ የሚጋብዙ ከሆነ በአፍ ከመንገር በጽሑፍ ይላኩለት። የዘገየ ሰው ተስማሚ ክፍተት እስኪገኝ ውጭ ነው የሚጠብቀው፤ በዚህ ቀን ደግሞ የመጀመሪያዋ ትዕይንት ያመለጠችው ሰው ማታ ድረስ ይጎድልበታል። እያንዳንዱ ተውኔት ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ አንዳንድ ዝግጅት ከዚያ ትንሽ ይረዝማል። ከማታው 4 ሰዓት ገደማ ይወጣሉ።

ማንን ይዞ መሄድ ይሻላል? ልጆች አይሁኑ። ነገሩ በትዳር ላይ ስለመሄድ ነው፤ ብልግና የለበትም፣ ግን ለልጅ የሚያስረዱት አይደለም፤ ሰባት ሰዓት መቀመጥም ለልጅ ቅጣት ነው። ባልና ሚስት ሆነው ቢሄዱ በጣም ጥሩ ነው። ከሁሉ የተሻለው ግን ወንድምና እህት አብረው መሄዳቸው ነው፤ በሬጅ፣ በአኒና በሩት መካከል ያለውን ነገር፣ ታማሚ እናትን ማን ያስታምም የሚለውን ክርክር፣ ያለ አስተርጓሚ ያውቁታል።

የቱ ይቅደም

ትያትር ቤቱ ቅደም ተከተሉን ወስኖልዎት ከሆነ ይቀበሉት። የመምረጥ ዕድል ካለ፣ መመገቢያ ክፍሉን መጀመሪያ፣ ሳሎኑን ቀጥሎ፣ ጓሮውን መጨረሻ ያድርጉ።

ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። እያንዳንዱ ተውኔት አራት ትዕይንት አለው፤ የየትዕይንቱም ሰዓት ተለይቶ ተቀምጧል። ጓሮው ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ መመገቢያ ክፍሉ 12 ሰዓት ላይ፣ ሳሎኑ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። በመጨረሻም ሰኞ ጠዋት መመገቢያ ክፍሉና ሳሎኑ ሁለቱም 2 ሰዓት ላይ የሚጀምሩ ትዕይንቶች ሲኖራቸው የጓሮው 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ጓሮው ከሁሉ ቀድሞ ይጀምራል፣ ከሁሉ ዘግይቶ ያልቃል። ማታ ላይ ሲያዩት ነገሩ ከየት እንደተነሳ ያሳይዎታል፤ ከዚያም ያላዩትን የመጨረሻ ቁራጭ ይሰጥዎታል። ጓሮውን መጀመሪያ ያየ ሰው መጨረሻውን በጠዋቱ ያውቀዋል፤ ተውኔቶቹ ያንን ቢችሉትም እኔ አልመርጠውም።

የመመገቢያ ክፍሉ ለመጀመሪያነት የሚመቸው በሌላም ምክንያት ነው። ስድስቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰባሰባሉ፤ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደማይፈልግ ሲያዩ ዝምድናውን ሁሉ ያውቁታል።

ወንበርዎን ይለዋውጡ

ስካርብራ ውስጥ ይህ ሥራ የተወለደበት ቦታ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ስቲቨን ጆሴፍ የሚባል የትያትር ሰው በ1955 እዚያ ውስጥ መድረኩን መሐል አድርጎ ተመልካቹን በአራቱም በኩል አስቀመጠ፤ ኤክቦርንም በሙያው ያደገው በዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ከ1972 እስከ 2009 የኪነ ጥበብ ኃላፊው ሆኖ መርቶታል። ቤቱ አሁን የመሥራቹን ስም ይዞ ከ1996 ጀምሮ በቀድሞ ኦዲዮን ሲኒማ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። ኦልድ ቪክ እንኳ፣ ከጥንት ጀምሮ መጋረጃና ፊት ለፊት መድረክ ያለው ቤት ሆኖ ሳለ፣ በ2008 ለዚህ ሥራ ሲል አዳራሹን ለውጦ ተመልካቹን መድረኩ ዙሪያ አስቀመጠ።

ሥራውን በዙሪያ መድረክ ማየት ከተቻለ ያንን ይምረጡ። በዙሪያ መድረክ ላይ ተዋናይ ጀርባውን ለአንዱ ሳይሰጥ ፊቱን ለሌላው ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ለሦስቱ ተውኔቶች ሦስት የተለያየ አቅጣጫ ይያዙ። ረፋድ በሰሜን በኩል የተቀመጠ ሰው ማታ በደቡብ ይቀመጥ። ረፋድ ላይ ጀርባዋን ብቻ ያዩዋት ሳራ፣ ከሰዓት በኋላ ፊቷን ሲያዩ ሌላ ሴት ትሆንብዎታለች። የፊት ረድፍ ካገኙ አይፍሩ፤ በጣም ቅርብ ነው፣ የሾርባው ሳህን ጭኔ ላይ ወደቀ የሚያሰኝ ቅርብ፤ ነገር ግን ሰው ዝም ብሎ ሲያፍር የሚታየው ከዚያ ነው። መድረኩ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ለረፋዱ ቅርብ፣ ለማታው ትንሽ ራቅ ያለና ከፍ ያለ ወንበር ይግዙ፤ ማታ ዓይን ይደክማል።

ሆድና እግር

በሁለት ተውኔቶች መካከል ሁለት ሰዓት ያህል አለ። ብዙ ሰው ይህን ቀን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለንደን ከሆኑ የሐበሻ ምግብ ቤት ከተማው ማዶ እንዳለ ያውቃሉ፤ ጓደኛዎም «ጥብስ በልተን እንመለስ» ይላል። እምቢ ይበሉ። መንገዱ ጊዜውን ይበላዋል፤ ከጠገቡ በኋላ ደግሞ ሞቃትና ጨለማ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ እንቅልፍ ነው። የሳሎኑ ተውኔት ከሦስቱ ጸጥ ያለው፣ ጥቃቅን ነገር የበዛበት ስለሆነ በእንቅልፍ ሊያልፍ አይገባም። ምሳዎን ቀላል አድርገው እዚያው አቅራቢያ ይብሉ። ጾም ከሆነ ቪጋን የሚል ምልክት ያለበትን ይፈልጉ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም፤ የትያትር ቤት ካፌዎች አብዛኛዎቹ አንድ ሁለት ዓይነት አያጡም። ቤት ሠርተው ይዘው መሄድም ይቻላል፤ ሽታው ቀላል የሆነ ነገር ይሁን፣ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ይብሉት። ዋናውን እራት ከሦስተኛው በፊት ይብሉ፤ ከወጡ በኋላ ብዙ ወጥ ቤቶች ተዘግተዋል።

ከበሉ በኋላ ይራመዱ። በስካርብራ ትያትር ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ ባሕሩም በእግር ይደረሳል። የሰሜን ባሕር ነፋስ በበጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ ጃኬት ይያዙ። ከለንደን የሚነሱ ከሆነ ከኪንግስ ክሮስ በባቡር ዮርክ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ባቡር ቀይረው ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ለረፋዱ ተውኔት ለመድረስ በዋዜማው ሄዶ ማደር ይሻላል፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወጥቶም ለንደን እመለሳለሁ ማለት አይሆንም፤ ስለዚህ የሁለት ሌሊት መኝታ ያስቡ።

የውስጡ እረፍት አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ነው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሰልፉ ረጅም ነውና መብራት እንደበራ ይነሱ። የሚጠጣ ነገር ከፈለጉ ከተውኔቱ በፊት ባር ላይ ከፍለው ያዝዙ፤ በእረፍቱ ተቀድቶ በስምዎ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅዎታል። አልኮሉን ለማታው ያቆዩት።

እንዴት እንደሚታይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በመጀመሪያው ተውኔት ምንም ሥራ አይሥሩ፤ ይሳቁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ይዞ ከክፍሉ እንደወጣ። ኤክቦርን ሲጽፍ አንዱን ተውኔት ጨርሶ ወደ ሌላው አላለፈም። የሦስቱንም የመጀመሪያ ትዕይንቶች በሰዓታቸው ቅደም ተከተል ጻፈ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛዎቹ ተሻገረ፣ እንዲህ እያለ ሦስቱንም በጎን አብሮ አሳደጋቸው። ስለዚህ በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ ከመድረክ የወጣ ሰው ታሪኩን ትቶ አልሄደም፤ እርስዎ ገና ወደማያውቁት ትዕይንት ገባ እንጂ። ሰውዬው ሰላጣ ሊያመጣ ብሎ ወጥቶ ለምን ዘገየ? ሴትየዋ ተረጋግታ ወጥታ ለምን ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ይቆዩ፤ መልሱ ከምሳ በኋላ ነው።

በመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ የእሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ቁርስ አለ። ኖርማን ይገባል፤ ማንም አያናግረውም። እሱ ግን ያወራል፤ ለራሱ ይመልሳል፣ እንደገና ይጠይቃል፣ ዝም ባሉት ሰዎች ላይ ብቻውን አንድ ሙሉ ቁርስ ይጫወታል። ረፋድ ላይ ሲያዩት ዝምታውን እንደ ቀልድ ያዩታል። ሌሊቱን ሳሎን ውስጥና ጓሮ ምን እንደተደረገ ካዩ በኋላ ያንን ቁርስ በሐሳብዎ ሲመለሱበት፣ እያንዳንዱ ሰው ዝም ያለበት የየራሱ ምክንያት እንደነበረው ይገባዎታል። ለእኔ የቀኑ ትልቁ ደስታ ይህ ነው፤ ያለፈው ትዕይንት በአእምሮ ውስጥ ሲለወጥ መሰማት። ፊልም ወደ ኋላ መልሶ በማሳየት የሚያደርገውን ይህ ሥራ ያለ ምንም መመለስ ያደርገዋል፤ መላሹ እርስዎ ነዎት።

በእሁድ ማታው እራትም የመቀመጫውን ነገር ይከታተሉ። ሳራ እንግዳ ተቀባይ ቤተሰብ መስለን እንታይ ብላ ሰዉን ታደላድላለች፤ ወንበሩ አይበቃም፣ ቶም ከሁሉ ዝቅ ያለችው ላይ ይወድቃል፤ ረጅሙ ሰው አገጩ ጠረጴዛው ላይ ሊደርስ ይሆናል። ትዕይንቱ በሳቅ ሊያፍንዎት ይችላል። ግን ያንጊዜም ሳራን ይዩአት። ሰው ሁሉ የሚስቅባት ሴት በቤቱ ውስጥ ነገሩ እንዳይፈርስ የምትታገለው እሷ ብቻ ናት። ኤክቦርን ማንንም መሳቂያ ብቻ አድርጎ አይተውም፤ ኖርማንን እንኳ። አንዳንድ ተመልካች ኖርማንን ከመጀመሪያው ደቂቃ ይጠላዋል፣ አንዳንዱ ይወደዋል፤ እስከ ማታ አይፍረዱ። ሦስተኛው ክፍል ላይ አብዛኛው ሰው አቋሙን ቀይሮ አይቻለሁ፤ በሁለቱም አቅጣጫ።

ሁለተኛውን ሲያዩ ሰዓቱን በራስዎ ውስጥ ያስኪዱ። ሳሎኑ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሲሆን ጓሮው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እሁድ ማታ መመገቢያ ክፍሉ 2 ሰዓት፣ ሳሎኑ 3 ሰዓት። የሰኞ ጠዋቱን ደግሞ ያንኑ 2 ሰዓት ከሁለት ክፍል ያዩታል። ማስታወሻ መያዝ አያስፈልግም፤ ጨለማ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ጎረቤቱን ያውካል፣ ራሱም ያመልጠዋል። ፕሮግራሙ ላይ የትዕይንቶቹ ሰዓት ታትሞ ይገኛል፤ በእረፍቱ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

በመካከሉ ሰዓት ስላዩት ነገር ያውሩ። ስልክ ከመክፈት ይህ ይሻላል። «ያኔ ሩት የት ነበረች?» የሚለው ጥያቄ ምሳ ላይ ሲነሳ ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ አንዳቸው ትክክል ሆነው ይገኛሉ። የማያውቋቸው ሰዎችም ያወሩዎታል። እንግሊዝ አገር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ዝም መባባል የተለመደ ነው፤ በዚህ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ላይ ሰዉ ይለወጣል፤ ረፋድ ያዩት ፊት ማታ ሲያገኙት ሰላም ይላል።

ሦስተኛው ላይ መድከምዎ አይቀርም። ወገብዎ ይሰማዎታል። ከመግባትዎ በፊት ፊትዎን ይታጠቡ፣ አንድ ቡና ይጠጡ፣ ስለ ምንም አያስቡ። ጓሮው ሰፊ አየር ያለው ተውኔት ነው፤ ሰዎቹ ከቤት ወጥተዋልና አካላቸው ይፈታል፤ ሩጫ አለ፣ መደበቅ አለ፣ ዛፍ ላይ የወጣች የማትታይ ድመት አለች። ድካምና ሳቅ ሲገናኙ ሰው በትንሽ ነገር ነው የሚስቀው፤ ተዋንያኑም ያውቁታል፤ እነሱም ከእርስዎ ይልቅ ደክመዋል። ሲያበቃ ጭብጨባው ረዘም ይበል። ሰባት ሰዓት ገደማ የሚሆን ተውኔት በአንድ ቀን ተጫውተው ነው የቆሙት።

ቀኑ ባይገኝስ

የሚመሳሰሉ ሌሎች ሥራዎች አሉ። ይኸው ኤክቦርን በ1999 «ሃውስ» እና «ጋርደን» የሚባሉ ሁለት ተውኔቶች አዘጋጀ፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት በሁለት አዳራሽ ይታያሉ፤ ተዋንያኑ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው እየሮጡ በሁለቱም ይጫወታሉ። በ2000 የለንደኑ ናሽናል ትያትር ትልልቆቹን ሁለት አዳራሾች ለዚህ ሰጠው። ይህን ሲያገኙ ከሰዓት በኋላ አንዱን፣ ማታ ሌላውን ይዩ። «ዳምዝልስ ኢን ዲስትረስ» የሚባሉት የ2001 ሦስት ኮሜዲዎችም በአንድ ዓይነት መድረክና በተመሳሳይ ተዋንያን ይታያሉ፤ ታሪካቸው ግን አይገናኝም፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ማየቱ ያን ያህል አይጨምርም።

ዱባይ፣ ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማድረግ ይችላል። ቴምዝ ቴሌቪዥን በ1977 ሦስቱንም ቀርጿቸዋል፤ ቶም ኮንቲ ኖርማንን፣ ሪቻርድ ብራየርስ ሬጅን፣ ፔኔሎፒ ኪት ሳራን ይጫወታሉ፤ በዲቪዲ ወጥቷል። ሲያዩት የትያትር ቤቱን ሥርዓት ይያዙ፤ ሦስት የተወሰነ ሰዓት፣ በመካከሉ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ስልክ ሌላ ክፍል። ዘመዶችን ይጥሩ፤ ብቻዎን ሆነው ኮሜዲ ሲያዩ ሳቁ ውስጥዎ ይቀራል።

ከዚያም የተሻለ አለ። የተውኔቶቹ ጽሑፍ በመጽሐፍ ታትሟል። ስድስት ሰው ይሰብስቡ፣ ገጸ ባሕርያቱን ይከፋፈሉ፣ ጮክ ብለው ያንብቡ። ሰባተኛ ሰው ካለ የመድረክ መመሪያውን ያንብብ፤ በተለይ ለጓሮው ያስፈልጋል፣ ብዙው ነገር የሚደረገው በአካል ነውና። ማንም አስቀድሞ እንዳያነብ ይስማሙ፤ የራሱን ክፍል እንኳ። የሬጅን ክፍል የቤቱ ተጫዋች ለሚባለው፣ የኖርማንን ደግሞ ጸጥ ላለው ሰው ይስጡ።